ችግኙ ተቆጠረ፤ ጉንዳኑስ?

ባለፈው ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። ወደ ገዳማቱ የሚወስደውን የጫካ መንገድ ስንወጣ ለፎቶ ቆም እንዳልኩ ገብረ ጉንዳን ሱሪዬ ውስጥ ገባ። የሆንኩትን አልነግራችሁም። ቡና የሚለቅሙ አንድ አባት ስቀው ሲያበቁ «ልጄ፣ እዚህ እግርህን እያየህ ነው የምትሄደው» አሉኝ። የእሳቸው ሱሪ ጫፍ ካልሲ ውስጥ ተከቷል።

ከዚያ ወዲህ እግሬን እያየሁ ነው የምሄደው። ዘጌ ላይ የወደቀውን ቅጠል ገለጥ ብታደርጉ ደቃቁም ትልቁም፣ ጥቁሩም ቀዩም አለ። ግንድ ላይ የሚመላለሰው ሌላ ነው፤ የበሰበሰ እንጨት ውስጥ ያለው ደግሞ ሌላ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የባሕር ዛፍ ተክል ውስጥ ግን ብዙ ፈልጌ ያገኘሁት ያንኑ አንዱን ዓይነት ነው።

የእኔ እይታ ጥናት አይባልም። ግን በሐሩር አገሮች የጫካን፣ የጥላ ቡናንና የአንድ ሰብል እርሻን ጉንዳን ያነጻጸሩ ተመራማሪዎችም ባብዛኛው የሚሉት ይህንኑ ነው። ጫካው ሲመነጠር የጉንዳኑ ዓይነት ይመናመናል። ጥላ ዛፍ ያለው ቡና ግን ብዙውን ያቆያል። ልብ በሉ፣ ነገሩ የዓይነት እንጂ የብዛት አይደለም። ባዶ ሜዳ ላይም ጉንዳን ይርመሰመሳል፤ እሱ የትም የሚኖረው፣ ያገኘውን የሚበላው ነው። ጥላ ሲነሳ አፈሩ ይግላል፤ ቅጠልና የበሰበሰ እንጨት ሲጠፋ ጫካ የለመደው ቤት ያጣል። ባሕር ዛፍ ሥር ደግሞ የወደቀችውን ቅጠል ጠርገን ለእንጀራ መጋገሪያ እንወስዳታለን። (እናቴም ስትጠርግ ነው ያሳደገችኝ፤ አልፈርድም።)

እኔን የሚከነክነኝ ቆጠራችን ነው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ስንት ችግኝ እንደተተከለ እንሰማለን። ከችግኙ ሥር ምን እንደሚኖር ግን ማን ይጠይቃል? ከሩቅ ሲታይ ባሕር ዛፉም፣ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንሱም፣ አገር በቀሉ ዋንዛም አረንጓዴ ነው። ዘጌ የምትገኝበት ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ (ተፈጥሮው ከነዋሪው ጋር አብሮ የሚጠበቅበት ቦታ) ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ ላለ ቦታ የችግኝ ቁጥር ብቻ አይበቃውም።

«ጉንዳን ምን ያደርግልናል?» ለምትሉኝ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ሞቃትና ደረቅ በሆነ አካባቢ ተሞክሯል። ጉንዳንና ምስጥ ያልተነካበት የስንዴ ማሳ፣ በመድኃኒት ከጠፉበት ማሳ 36 በመቶ የበለጠ ምርት ሰጥቷል። ጉድጓዳቸው የዝናቡን ውኃ ወደ አፈሩ ያስገባል፤ የአፈሩ ናይትሮጅንም ጨምሯል። ቡና ላይ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። አንዳንዱ ጉንዳን የቡናን ጭማቂ የሚመጥጡ ነፍሳትን ለጣፋጭ ፈሳሻቸው ሲል ይጠብቃል። ገበሬው ቢያማርር እውነት አለው። ግን በላቲን አሜሪካ የቡና ፍሬ የሚቦረቡረውን ጢንዚዛ የሚበሉም ጉንዳኖች ናቸው።

ለመቁጠር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የፕላስቲክ ኩባያ አፉ ከመሬት እኩል እስኪሆን ትቀብራላችሁ፣ የሳሙና ውኃ ትጨምራላችሁ፣ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ትመለሳላችሁ። የዝርያውን ስም ማውጣት የባለሙያ ሥራ ነው፤ ኩባያ መቅበሩን ግን የትምህርት ቤት ተማሪም ይችለዋል። የችግኝ ሪፖርት ጎን አንድ ዓምድ ቢጨመር ምን ይጎድላል?

ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ በአባቶች ቃል የተከለከለ ነው ይባላል። ያ ቃል ጫካውን እዚህ አድርሶታል። ብቻውን ግን ከገበያ ጋር እስከ መቼ ይታገላል? የጥላ ቡና የሚያለማ ገበሬ ለጥላው ጭምር ሊከፈለው ይገባል ባይ ነኝ።

እኚያን አባት ስንለያይ «ጉንዳኑን ለምን አያጠፉትም?» አልኳቸው።

«በምን? በመድኃኒት? ቡናውን እኮ እኛም እንጠጣዋለን» አሉኝ። ከዚያ በእጃቸው ወደ ታች ጠቆሙኝ። የጎረቤታቸው ጓሮ ነው፤ ቡናው ተነቅሎ ጫት ገብቷል። «እሱ በዓመት ስንቴ ይቆርጣል መሰለህ። የኔ ቡና አንዴ ነው።»