ስለ ማድረቁ የሚናገር ሰው ጠፋ!

ታህሳስ በገባ ቁጥር የገና ዛፍ ጌጥ ከጨው ሊጥ ስለ መሥራት ያው ቪዲዮ ይዞራል። ሊጥ ይቦካል፣ በኮከብ ቅርጽ ይቆረጣል፣ ከዚያ ወዲያው ቀለም ተቀብቶ ጥዱ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። መሃሉስ የት ገባ? ይህን አምኖ በዋዜማው ሊጥ የሚያቦካ ቤት፣ የገና ዕለት የሚያገኘው የተሰነጠቀ ኮከብና የሚያለቅስ ልጅ ነው። ኧረ እባካችሁ! የጨው ሊጥ ዋናው ሥራው ማድረቁ ነው።

ማቡካቱማ ቀላል ነው። ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ደቃቅ ጨው፣ አንድ ኩባያ የማይሞላ ውሃ። ውሃው በትንሽ በትንሹ ይጨመር፤ እጅ ላይ ከተጣበቀ በዝቷል ማለት ነው። ጨው ሻካራ ከሆነ አስቀድሞ ይወቀጥ፣ አለዚያ ጠርዙ ይፈረፈራል። እርሾና ቤኪንግ ፓውደር አይገባበትም፣ ያሳብጠዋል። በደንብ ከታሸ በኋላ በለስላሳ ጠርሙስ ግማሽ ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ይዳመጥና ልጆቹ በሻይ ብርጭቆ አፍ ይቁረጡት። ልጆች ማወፈር ይወዳሉ። የወፈረው ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል።

ቀዳዳውንም የሚያስታውስ የለም! ሊጡ እርጥብ ሳለ፣ ከጠርዙ አንድ ሳንቲ ሜትር ገባ ተብሎ፣ በባዶ የቢክ ቀፎ ይበሳል። ከደረቀ በኋላ በምስማር ልብሳ ያለ ሰው ለሁለት ይከፍለዋል።

ደግሞ ሁሉም «ኦቨን ውስጥ አስገቡት» ይላል። ኦቨን ያለው በ100 እና በ120 ዲግሪ መካከል ሁለት ሦስት ሰዓት ያቆየው፤ ከዚያ በላይ ከሞቀ ይነፋል፣ ይጠቁራል። ኦቨን የሌለውስ? ምጣድ ላይ ጥዶ ሥሩን ያሳርራል፣ ላዩ ጥሬ ይሆናል። ይህን ሁሉ ልፋት ምን አመጣው? ጅማ እኮ ነን! ቡና የወንፊት አልጋ ላይ እንዴት እንደሚደርቅ እዚህ ያላየ ማን አለ? አየር ከሥር ይገባል፣ ቡናው ይገላበጣል፣ ማታ ጤዛ እንዳይነካው ይሸፈናል። ጌጡም ልክ እንዲሁ ነው። ወንፊት ላይ ይደርደር። የመጀመሪያውን ቀን ጥላ ውስጥ ይዋል፤ የቀትር ፀሐይ ላዩን ቀድሞ ካደረቀው ይሰነጠቃል። ከዚያ ለሦስት አራት ቀን ፀሐይ ላይ ጠዋትና ማታ እየተገላበጠ ይቆይ። ሳይገላበጥ ከቀረ ጠርዙ ወደ ላይ ይቆለመማል። ሲመሽ ወደ ቤት ይግባ፤ የጅማ ሰማይ በበጋም አይታመንም፣ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል።

መድረቁን ለማወቅ ጉንጭ ላይ ማስጠጋት ይበቃል። ከቀዘቀዘ ገና አልደረቀም።

ቀለሙ ከዚያ በኋላ ብቻ! እርጥብ ላይ የተቀባ ቀለም ይላላጣል። ቀለሙ ሲደርቅ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ወይም ቫርኒሽ በሁለቱም ገጽ ይቀባ፤ አንዱ ገጽ ከተረሳ በዚያ በኩል እርጥበት ይገባል። ቫርኒሹን ግን ትልቅ ሰው ደጅ ላይ ይቀባው፣ ሽታው ለልጅ አይሆንም። የቡና ፍሬ ለዓይን መሰካት ያምራል፤ ሊጡ ሲደርቅ ስለሚሸሽ ፍሬው ከወለቀ በኮላ ይመለሳል። አፍንጫው ውስጥ ፍሬ የሚከት ሕፃን ባለበት ቤት ግን ይቅር።

ገና ታህሳስ 29 ነው። ሊጡ ታህሳስ 20 ይቦካ።