የኮምፓይለሩን ዓይን አስራችሁ «ምንም አልታየንም» አትበሉ

ሰሞኑን ካዛንቺስ ባለ አንድ የክፍያ ሶፍትዌር ቡድን ውስጥ የሆነውን ሰምታችኋል። በሲ ኮዳቸው ስትራክት (የተለያዩ ዳታዎችን በአንድ የሚይዝ ቅርጽ) መጨረሻ ያለውን፣ ብዛቱ አስቀድሞ ለማይታወቅ ዝርዝር ቦታ መያዣ የሆነውን [1] አሬይ ወደ ባዶ [] የሚቀይረው ማሻሻያ «ሃያ ዓመት የሠራ ኮድ አይነካም» ተብሎ ተመለሰ።

ሃያ ዓመት ሠራ ወይስ ሃያ ዓመት ማንም አላየውም? ስትራክቱ ባለ 4 ባይት የብዛት ቁጥርና ባለ 8 ባይት መዝገቦች የሚቀመጡበት [1] አለው እንበል። በመሃል ካለው የ4 ባይት ማሟያ ክፍተት ጋር ሳይዝኦፉ (ጠቅላላ መጠኑ) 16 ነው። አንዱ መዝገብ ቀድሞ ስለተቆጠረ ማሎክ (ሜሞሪ መጠየቂያው) ላይ ከብዛቱ 1 ይቀነሳል። ብዛቱ ዜሮ ሲሆንስ? ከዜሮ በታች መውረድ የማይችለው ምልክት አልባው ባለ 32 ቢት ቁጥር ዞሮ 4,294,967,295 ሆኖ ቁጭ ይላል። ባለ 64 ቢቱ ሰርቨር 34 ጊጋባይት ይጠይቃል። ባለ 32 ቢቱ ፖስ ማሽን ላይ ግን ስሌቱ ዞሮ 8 ባይት ብቻ ያስይዛል፤ ከዚያ ሜምሴት በሳይዝኦፍ 16 ባይት ያጸዳል። 8ቱ ባይት የሌላ ዳታ ላይ አረፈ። ማሽኑ ወዲያው አይቆምም፤ ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ ይቆማል፣ ጥፋቱም እንደተለመደው በኔትወርክ ይላከካል።

ይሄ እንኳ ይቅር። ከዚህ የባሰው፣ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ይህን ልማድ ላለማፍረስ ሲል ሌላ ካልታዘዘ በቀር በስትራክት መጨረሻ ያለን ማንኛውንም አሬይ ልክ የለሽ አድርጎ መቁጠሩ ነው። ማንኛውንም! መጨረሻ ላይ በሐቀኝነት [16] ተብሎ የተጻፈ የስም ቦታ በፖይንተር (በሜሞሪ አድራሻ) ሲመጣ፣ ጽሑፍ ገልባጩ ስትርኮፒ 40 ፊደል ቢያፈስበት፣ ፎርቲፋይ ሶርስ የሚባለው የመጠን ፍተሻ ቢበራም ዝም ይላል። ከሜክሲኮ ፒያሳ የሚጭኑ ጥቂት ሚኒባሶች በራቸው ላይ የውሸት ቁጥር ስለጻፉ ትራፊኩ የማንንም በር እንዳያነብ መከልከል ማለት ነው። [1] የሚጎዳው ራሱን ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ይከራከር ነበር?

ደግሞ አዲስ ፋሽን አይደለም። ባዶው [] ከ1999 ጀምሮ በሲ ስታንዳርድ አለ። ጂሲሲ 13 እና ሌላው ኮምፓይለር ክላንግ 16 «ስትሪክት-ፍሌክስ-አሬይስ=3» ተብለው ሲታዘዙ ልክ የለሽ የሚሉት [] ብቻ ነው። የሊኑክስ ከርነል ሰዎች [1] እና [0]ን ለዓመታት ለቅመው በ2023፣ በስሪት 6.5፣ ይህን አብርተዋል። የእናንተ ኮድ ከሊኑክስ ይገዝፋል?

አንድ ነገር ልስጣችሁ፦ ሳይዝኦፉ ከ16 ወደ 8 ስለሚወርድ ፋይል ላይ ወይም ኔትወርክ ላይ የሚጻፈው ሊዛነፍ ይችላል። እንግዲያው ሳይዝኦፍ ያለበትን ሁሉ በጽሑፍ መፈለጊያው ግሬፕ አውጡ፣ «ሲቀነስ 1» የሚለውን አንሱ፣ መጠኑን በስታቲክ አሰርት (ኮዱ ሲተረጎም በሚደረግ ፍተሻ) ቆልፉ። የከሰዓት ሥራ ነው።

ክላንግ 18 ወይም ጂሲሲ 15 ያለው ደግሞ «ካውንትድ ባይ»ን ይጨምርና አሬዩን ከብዛቱ ፊልድ ጋር ይሰር። ብዛቱ ግን አሬዩ ከመነካቱ በፊት ይሞላ፤ ዳታ ገልባጩ ሜምኮፒ ከቀደመ መቁጠሪያው ገና ዜሮ ስለሆነ ትክክለኛው ኮድ ራሱ ይያዛል፣ ያኔም «ይኸው፣ አትንኩ ብለን ነበር» የሚል አይጠፋም።