ካርዱ ላይ ስም ከመስፈሩ በፊት

እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2016 አመሻሹ ላይ ጡረታ የወጡት አስተማሪ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩተው "ዛሬ ኮከስ ነው፤ ነይ እንሂድ" አሉኝ። ኮከስ የአንድ ፓርቲ ደጋፊዎች በየሰፈራቸው ተሰብስበው የፓርቲያቸውን እጩ የሚመርጡበት ስብሰባ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ዜግነት ከወሰድኩ ጀምሮ ኖቬምበር በደረሰ ቁጥር ድምፅ እሰጣለሁ። ከዚያ በፊት ያለው ግን የቴሌቪዥን ክርክር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የሄድነው ሰፈራችን ወዳለው ትምህርት ቤት ነው። የመኪና ማቆሚያ ጠፍቶ ሁለት መንገድ አቋርጠን በእግራችን ገባን። የልጆች ምሳ መብያ አዳራሽ ውስጥ፣ ጉልበት የማያስዘረጉ ትንንሽ ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። ስሜን መዝገብ ላይ ጽፌ ፈረምኩ፤ ቁራጭ ወረቀት ሰጡኝ፤ የዴሞክራት ፓርቲ የፕሬዚዳንት እጩ ለመሆን ከሚፎካከሩት ከሂላሪ ክሊንተንና ከበርኒ ሳንደርስ የመረጥኩትን አስገባሁ። ያን ማታ ሚኒሶታን ያሸነፉት ሳንደርስ ናቸው።

ብዙው ሰው ወረቀቱን አስገብቶ ወደ ቤቱ ሄደ። እኛ ሃያ የማንሞላ ሰዎች ቀረን። አንድ ወጣት ስለ ኢንሱሊን ዋጋ የጻፈውን የውሳኔ ሐሳብ ከስልኩ አነበበ። ተከራከሩበት፣ እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። ቀጥሎ "ለሚቀጥለው ጉባኤ ልዑክ የሚሆን ማን ነው?" ተባለ። ከሰዉ ይልቅ ቦታው ይበዛ ነበር! እኔ ያኔ ደነገጥኩ፤ ይህን ስብሰባ አውቀዋለሁና። እድር ነው። አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር፤ ዳኛውና ገንዘብ ያዡ ሲመረጡ በልጅነቴ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ሰው ስሙ ይጠቆማል፣ ፊት ለፊት ይነገርለታል ወይም ይነገርበታል፣ ከዚያ እጅ ይቆጠራል። የፕሬዚዳንት እጩ ከዚህ ዓይነት ክፍል ተነስቶ ይወጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

አሜሪካም ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1968 ዴሞክራቶች ቺካጎ ባደረጉት ጉባኤ ለፕሬዚዳንትነት በእጩነት ያቀረቧቸው የዚሁ የሚኒሶታው ሂዩበርት ሃምፍሪ በአንድም ፕራይመሪ (መራጩ የፓርቲውን እጩ በድምፅ የሚለይበት ምርጫ) አልተወዳደሩም ነበር፤ የፓርቲው አለቆች ናቸው የወሰኑት። ውጭ ወጣቱ ከፖሊስ ጋር ይደባደብ ነበር። ከዚያ ቁጣ በኋላ ነው ደንቡ ተሻሽሎ በሩ ለተራው አባል የተከፈተው፤ አዮዋም በዴሞክራቶች ዘንድ ከ1972 እስከ 2020 ቀዳሚዋን ቦታ ይዛ የቆየችው በዚያ ለውጥ ነው።

የአዮዋ ዴሞክራቶች ኮከስ ያኔ ከኛም የባሰ እድር ነበር። በ2020 የየእጩው ደጋፊ በየጥጉ ተሰብስቦ ቆመ። ከተገኘው ሰው 15 በመቶ ያልሞላ ቡድን ይበተን ነበር፤ ያኔ ጎረቤት ጎረቤቱን "ወደኛ ና" እያለ ይለምን ነበር። ውጤት ማስተላለፊያው መተግበሪያ ተበላሽቶ አሸናፊው በዚያው ሌሊት ሳይታወቅ መቅረቱ ትዝ ይለኛል። ለብሔራዊው ጉባኤ በድምፅ ውጤት ከሚደለደሉት 3,979 ልዑካን አዮዋ የነበራት 41 ብቻ ነው። ግን ገንዘብም ጋዜጠኛም የሚሮጠው ቀድሞ ወዳሸነፈው ስለሆነ፣ ያልቀናው ቀስ በቀስ ይወጣል። ጆ ባይደን አዮዋ ላይ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሻየር ላይ አምስተኛ ወጥተው ነበር። ያነሳቸው ጥቁር መራጮች የሚበዙበት የሳውዝ ካሮላይና ፕራይመሪ ነው።

ከዚያ ዘመን ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ኦተምዋ የምትባለው የአዮዋ ከተማ ናት። በአሳማ ሥጋ ማቀነባበሪያ የሚሠሩ፣ ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ 15 ሰዎች የማታ ፈረቃቸው ሳይጀምር በሠራተኛ ማኅበራቸው አዳራሽ እኩለ ቀን ላይ ተሰበሰቡ። በዚያ ቀን ግዛቲቱ ውስጥ የመጀመሪያው ኮከስ የእነሱ ነበር። 14ቱ ለሳንደርስ ቆሙ። ያን ዜና ሳነብ አለቀስኩ።

አገር ቤትም ቢሆን ለምርጫ የምንሰንፍ ሰዎች አይደለንም። በ1997 ዓ.ም. ግንቦት 7 እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው ሰልፍ የያዘችው። ካርዱ ላይ ያሉትን ስሞች ማን እንደመረጣቸው ግን አታውቅም፤ የጠየቃትም የለም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ደግሞ ቀጣዩን ጠቅላይ ሚኒስትር የወሰነው፣ ከአራት ፓርቲዎች 45፣ 45 ሆነው የተውጣጡ 180 የኢሕአዴግ ምክር ቤት አባላት በዝግ ያደረጉት ስብሰባ ነው። እኛ ስልካችንን ይዘን፣ እንቅልፍ አጥተን፣ የመጣውን ወሬ እየተቀባበልን ጠበቅን። በውጤቱ ብዙ ሰው ተደስቷል፤ እኔም። ያ ደስታ ግን የተሰጠን እንጂ የወሰንነው አልነበረም። ችግሩ የፓርላማ ሥርዓት መሆኑ አይደለም፤ በእንግሊዝ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ተራ አባላት መሪያቸውን በድምፅ ይመርጣሉ። እድሩን በእጅ ቆጠራ የሚመራ ሕዝብ የወረዳውን እጩ መጠቆም ያቅተዋል ብሎ የሚነግረኝን ሰው አልሰማውም።

እዚህ አሜሪካም ቢሆን የተከፈተልንን በር አልተጠቀምንበትም። ሚኒሶታ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ፕሬዚዳንትን በተመለከተ ወደ ፕራይመሪ ዞራለች፤ የሰፈሩ ኮከስ ግን ለሌሎች ወንበሮች እጩዎችና ለውሳኔ ሐሳቡ ዛሬም ይደረጋል። ጎረቤቴና እኔ አንቀርም። ባለፈው ጊዜ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ የአበሻ ስም የእኔና የአንዲት ነርስ ብቻ ነበር። እሷም ከሥራ በቀጥታ መጥታ፣ የሆስፒታል ልብሷን ሳትቀይር፣ ልዑክ ለመሆን እጇን አወጣች።