እርማት፦ አውቶማቲክ ማዘጋጃ ብላንክንና ስታንዳርድን አያስቀርም

«ናሙናውን ማሽን ካዘጋጀው የሰው ስህተት ስለሌለ ብላንክና ስታንዳርድ ጊዜ ማባከን ነው» የሚለው አስተያየት ትክክል አይደለም። ሐዋሳ ላይ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ለሚለካ ሰው ደግሞ አደገኛ ነው። ብላንክ ፍሎራይድ የሌለበት ውኃ ነው፤ ስታንዳርድ ደግሞ የፍሎራይድ መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ፈሳሽ ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠውን 1.5 ሚሊግራም በሊትር ያልፋሉ፤ ወሰኑ አጠገብ ላሉት ትንሽ መዛነፍ ውሳኔ ይገለብጣል።

ማሽን የእጅን መለዋወጥ ይቀንሳል፤ የራሱን ስህተት ግን ሳያዛንፍ ይደግመዋል። በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ለመለካት 10 ሚሊ ሊትር ናሙና ቲሳብ ከተባለ ማስተካከያ ፈሳሽ 10 ሚሊ ሊትር ጋር ይቀላቀላል። ቲሳብ ፒኤቹን (የአሲድነት መጠኑን) ያስተካክላል፣ አሉሚኒየምና ብረት የያዙትንም ፍሎራይድ ያስለቅቃል። ቱቦው አየር ይዞ ቲሳቡ 9 ብቻ ቢወርድ፣ 1.45 የነበረው ውኃ 1.53 ሆኖ ይነበባል። ቢደጋገምም መልሱ ያው ስለሆነ ድግግሞሽ አያጋልጠውም። ስታንዳርዱ በዚያው ማሽን ከተቀላቀለ ስህተቱ ይካካሳል፤ በእጅ ፒፔት ከተዘጋጀ ግን እንዳለ ውጤቱ ውስጥ ይገባል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሥራ ሲጀመር 10 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ሚዛን ላይ ይውረድ፤ በ20 ዲግሪ 9.98 ግራም ገደማ መምጣት አለበት። ካነሰ መጀመሪያ የአየር አረፋ ይፈለግ፣ ቱቦውም እንደገና ይሞላ።

ሌላው ችግር የቀዳሚው ናሙና ቅሪት ነው። በሊትር 12 ሚሊግራም ካለው ናሙና በኋላ 0.5 ያለው ቢመጣና ከቀዳሚው 1 በመቶ ቢቀር፣ ንባቡ ከ0.6 በላይ ይሆናል። ከከፍተኛ ናሙና ቀጥሎ ብላንክ ይግባ፤ ከፍ ካለ መታጠቢያው ይጨመርና ቀጣዩ ናሙና እንደ አዲስ ይዘጋጅ።