በረዶ ሰባሪ መርከብ በፊርማ አይሠራም

ዶናልድ ትራምፕና የፊንላንዱ ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቱብ ኦክቶበር 9 ቀን 2025 በዋሽንግተን የፈረሙት ሰነድ ለአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ 11 በረዶ ሰባሪ መርከቦችን ለማስገኘት ያለመ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አራቱ ፊንላንድ ውስጥ፣ ሰባቱ አሜሪካ ውስጥ ይገነባሉ፤ የመጀመሪያውን በ2028 ለመረከብ ታቅዷል። የአሜሪካ ሕግ የጠረፍ ጥበቃው መርከቦች በውጭ አገር እንዳይገነቡ ይከለክላል። ፕሬዚዳንቱ ይህን ክልከላ ለብሔራዊ ደኅንነት ሲባል ማንሳት ስለሚችሉ፣ በዚህ ሥልጣን ተጠቅመው በሩን ከፈቱ። በእኔ እምነት ውሳኔው ትክክል ነው፣ እንዲያውም ዘግይቷል። የሚያሳስበኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ወሬ ሁሉ ቁጥር መሆኑ ነው። ሩሲያ ወደ 40 ገደማ አላት፣ ስምንቱ በኒውክሌር የሚንቀሳቀሱ ናቸው፤ አሜሪካ ያላት ሦስት ነው ይባላል። ንጽጽሩ ሐሰት ባይሆንም አሜሪካ ለምን እዚህ ደረጃ ላይ እንደደረሰች አይነግረንም።

ሦስቱን እንያቸው። ፖላር ስታር በ1976 ሥራ የጀመረ መርከብ ነው። እህቱ ፖላር ሲ በ2010 ሞተሩ ከተበላሸ ወዲህ ወደ ሥራ አልተመለሰም፤ አካሉ እየተፈታ ለፖላር ስታር መለዋወጫ ሆኗል። ሂሊ መካከለኛ ጉልበት ያለው የምርምር መርከብ ሲሆን በ2020ም በ2024ም በእሳት አደጋ ጉዞውን አቋርጦ ተመልሷል። ሦስተኛው ስቶሪስ በ2012 ለነዳጅ ፍለጋ የተሠራ፣ አይቪክ ይባል የነበረ የግል መርከብ ነው፤ በ125 ሚሊዮን ዶላር ተገዛ። በዚያው በ2012 ማብቂያ ሞተሮቹ በማዕበል መሃል ጠፍተውበት፣ ይጎትተው የነበረው ኩሉክ የተባለ የቁፋሮ መድረክ ወደ አላስካ ዳርቻ ተገፍቶ መሬት ላይ ተቀርቅሯል። አሜሪካ ከ1970ዎቹ ወዲህ ከባድ በረዶ ሰባሪ ሠርታ አልጨረሰችም። አንድ ትውልድ ሙሉ በያጅ፣ ንድፍ አውጪና የጥራት ተቆጣጣሪ ይህን ሥራ በእጁ ሳይነካ ጡረታ ወጥቷል ማለት ነው። የችግሩ ሥር እዚህ ነው።

ሥራው ከሌላው የመርከብ ግንባታ በምን ይለያል? በረዶ ሰባሪ በረዶን እንደ ቢላ አይቆርጥም። ፊቱ ተዳፋት ሆኖ ስለሚሠራ በረዶው ላይ ይወጣና በክብደቱ ወደ ታች ይጫነዋል። በረዶ ሲጨመቅ ጠንካራ ነው፤ ሲታጠፍ ግን እንደ ደረቅ እንጨት ይሰበራል። የተሰበረው ቁራጭ ከመርከቡ ሥር ተንሸራቶ ወደ ጎን ካልተገፋ ፕሮፔለሩን ይመታል። ፕሮፔለሩ በረዶ ነክሶ ፍጥነቱ ሲወርድ ሞተሩ መጥፋት የለበትም፤ ስለዚህም በብዙዎቹ ላይ ናፍጣው ኤሌክትሪክ ያመነጫል እንጂ ፕሮፔለሩን በቀጥታ አያዞርም። የኤሌክትሪክ ሞተር በዝቅተኛ ፍጥነትም ሙሉ የማዞር ጉልበቱን ይሰጣል። የማቀዝቀዣ ውኃ መሳቢያው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ የተፈጨ በረዶ ከደፈነው ሞተሩ ይግላል። ለዚህም ከሞተሩ የወጣው ሙቅ ውኃ ወደ መሳቢያው ሳጥን ተመልሶ እንዲዞር ይደረጋል። መርከቡ በረዶ ውስጥ ከተቀረቀረ በጎኖቹ ባሉ ጋኖች መካከል ውኃ ከአንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት እየተገፋ፣ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ራሱን ያላቅቃል።

ይህ ሁሉ በመጻሕፍት ይገኛል። በመጻሕፍት የማይገኘው ብየዳው ነው።

ከስምምነቱ 11 መርከቦች ውጭ አሜሪካ እየሠራችው ላለችው ከባድ በረዶ ሰባሪ የተመረጠው ብረት ኢኪው47 ይባላል። ተራው የመርከብ ላሜራ 235 ሜጋ ፓስካል ግፊት ላይ መለመጥ ሲጀምር ኢኪው47 እስከ 460 ይችላል፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይም በመዶሻ ምት ይፈተናል። እንዲህ ያለ ወፍራም ላሜራ እንደቀዘቀዘ አይበየድም። አስቀድሞ መጋጠሚያው ግራና ቀኙ ይሞቃል፤ እንደ ውፍረቱ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ኤሌክትሮዱ እርጥበት ከጠጣ በብየዳው ሙቀት ሃይድሮጅን ይለቅና ብረቱ ውስጥ ሰርጎ ይቀመጣል። በያጁ ሥራውን ሲጨርስ መስመሩ ንጹሕና ያማረ ነው። ስንጥቁ የሚመጣው ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ምናልባትም በሁለተኛው ቀን ነው። የጥራት ተቆጣጣሪው 48 ሰዓት ያህል ጠብቆ በአልትራሳውንድ የሚመረምረው ለዚህ ነው። ስንጥቅ ከተገኘ መስመሩ ተፍቆ ይወጣል፣ እንደገና ይሞቃል፣ እንደገና ይበየዳል። ነገር ግን ይህ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው ግሎ በፍጥነት እንዲቀዘቅዝና መልሶ በልክ እንዲሞቅ ተደርጎ ስለሆነ፣ ከልክ ያለፈ ሙቀት በነካው ቁጥር ጥንካሬውን ያጣል። በዚያ ላይ የጎኑ አጥንቶች ከግማሽ ሜትር ባነሰ ርቀት ስለሚደረደሩ በያጁ በመካከላቸው ተጨናንቆ ነው የሚሠራው። ግንባታው ያለው ሚሲሲፒ ጠረፍ ላይ፣ ፓስካጉላ፣ ማለትም አየሩ እርጥበት በሞላበት ቦታ መሆኑንም አንርሳ። በዚህ ሥራ በቂ ልምድ ያለው በያጅ በጥቂት ወራት ሥልጠና አይወጣም።

ፓስካጉላ ላይ የሆነውን ደግሞ በቅርብ መመልከት ይገባል። ውሉ የተሰጠው በኤፕሪል 2019 ነው፤ ለመጀመሪያው መርከብ ንድፍና ግንባታ 745.9 ሚሊዮን ዶላር። መርከቡ በ2024 ይደርሳል ተባለ። መነሻ የሆነው ንድፍ የጀርመን የምርምር መርከብ ፖላርሽተርን 2 ሲሆን፣ ያ መርከብ በወቅቱ ከወረቀት አልወጣም ነበር፤ ጀርመን ራሷ በ2020 ጨረታውን ሰረዘች። «የተፈተነ ንድፍ» ተብሎ የተወሰደው በባሕር ላይ አንድም ቀን ያልታየ ንድፍ ነበር። በዚህ ላይ የጠረፍ ጥበቃው የራሱን ፍላጎት ሲጨምርበት መርከቡ ወደ 23,000 ቶን አደገ፣ ሥዕሉም ለዓመታት ሳይረጋ ቆየ። ውሉን የወሰደው ግንባታ ጣቢያ ቪቲ ሃልተር ማሪን በ2022 ቦሊንገር ለተባለው አሜሪካዊ መርከብ ሠሪ ተሸጠ። ሙሉ ግንባታ የተፈቀደው በ2025 ሲሆን ርክክቡ ወደ 2030 ተገፍቷል። የአሜሪካ ኮንግረስ የበጀት ጽሕፈት ቤት በ2024 ባወጣው ግምት በዚህ ንድፍ ሊሠሩ የታቀዱት ሦስት ከባድ መርከቦች 5.1 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃሉ። በጁላይ 2025 በጸደቀው ሕግ ለእነዚህ 4.3 ቢሊዮን፣ ስምምነቱ ለሚመለከታቸው የአርክቲክ መርከቦች ደግሞ 3.5 ቢሊዮን ተመድቧል። የገንዘብ እጥረት ሰበብ ሆኖ የሚቀርብበት ጊዜ አልፏል።

ፊንላንድ ለምን ትችላለች? ክረምት ሲገባ ወደቦቿ ይቀዘቅዛሉ፣ ንግዷ ደግሞ በአብዛኛው በባሕር ነው። ስለዚህ መርከቦቹ በየዓመቱ ሥራ አላቸው፤ ካፒቴኑ የታዘበው ጉድለትም ወደ ንድፍ አውጪው ይመለሳል። ከዓለም በረዶ ሰባሪዎች 80 በመቶ ያህሉን የፊንላንድ ኩባንያዎች ነድፈዋቸዋል፣ 60 በመቶ ያህሉም እዚያው ተገንብተዋል ይባላል። ፖላሪስ የተባለው በፈሳሽ ጋዝም በናፍጣም የሚሠራ መርከብ ውሉ በ2014 ተፈርሞ በ2016 ሥራ ጀምሯል። ሁለት ዓመት ከምናምን ማለት ነው። ሞተሩ በመርከቡ ሥር ዙሪያውን በሚሽከረከር ቀፎ ውስጥ የተቀመጠበት አዚፖድም የፊንላንድ ፈጠራ ነው። መርከቦች በኋላቸው እየሄዱ ከባድ በረዶ መስበር የቻሉት በአብዛኛው በእሱ ነው።

ፊንላንድም ግን ዋስትና የላትም። የሄልሲንኪው ግንባታ ጣቢያ ለዓመታት ባለቤቶቹ ሩሲያውያን ነበሩ። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲነሳ የሩሲያ ትዕዛዝ ተቋረጠ፣ ጣቢያውም ሥራ አጣ። የካናዳው መርከብ ሠሪ ዴቪ በኖቬምበር 2023 ባይገዛው ኖሮ ያ ሁሉ እጅ በየአቅጣጫው ይበተን ነበር። ዛሬ ለካናዳ የሚሠራው ፖላር ማክስ የተባለው በረዶ ሰባሪ አካሉ የሚገነባው እዚያ ነው።

ሩሲያን ያለ እንከን አድርጎ ማቅረብም ስህተት ነው። ፕሮጀክት 22220 የሚባሉት የኒውክሌር መርከቦች፣ 173 ሜትር ርዝመትና 60 ሜጋ ዋት ጉልበት ይዘው ሦስት ሜትር ገደማ በረዶ ይሰብራሉ። የመጀመሪያው አርክቲካ ግን በፌብሩዋሪ 2020 ከሦስቱ የኤሌክትሪክ ሞተሮች አንዱ ተቃጥሎበት፣ በጎደለ ጉልበት ነው አገልግሎት የጀመረው። ሩሲያን ወደፊት ያስኬዳት አለመሳሳቷ አይደለም። ያንኑ ንድፍ ሳትቀይር ደጋግማ መሥራቷ ነው፤ ሲቢር፣ ኡራልና ያኩቲያ ተከትለዋል። በአንጻሩ 120 ሜጋ ዋት ይኖረዋል የተባለው አዲሱ ንድፍ ሮሲያ፣ ልምድ በሌለው በሩቅ ምሥራቁ የዝቬዝዳ ጣቢያ እየተገነባ እየዘገየ ነው።

የጦር መርከብ ፍላጎት ሲጨመር ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ካናዳ በ2007 በረዶ የሚችሉ የባሕር ኃይል ጥበቃ መርከቦችን እንደምትሠራ አወጀች፤ መነሻዋ ስቫልባርድ የተባለው የኖርዌይ መርከብ፣ ማለትም በባሕር ላይ በእርግጥ የተፈተነ ንድፍ ነበር። ሆኖም ንድፉ ለካናዳ ተብሎ እንደገና ተሠራ፤ የመጀመሪያውን፣ ሃሪ ዴዎልፍን፣ የተረከበችው በ2020 ነው። ዓሥራ ሦስት ዓመት! በ2022 ደግሞ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹ ተበላሽተው ለወራት ቆመ። በረዶ ሰባሪ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ቶን መሣሪያና ራዳር ከላይ ክብደት ይሆናል። ላዩ ላይ የሚረጨው የባሕር ውኃ ሲቀዘቅዝም ራሱ ተጨማሪ ክብደት ስለሆነ፣ መርከቡ የመገልበጥ አደጋ ላይ እንዳይወድቅ ስሌቱ ከመነሻው እንደገና መሠራት አለበት።

ስለዚህ አሜሪካ አሁን ማድረግ ያለባት ግልጽ ነው። የፊንላንዱ ራውማ ማሪን ኮንስትራክሽንስና ቦሊንገር ይሠሩበታል የተባለው ንድፍ በካናዳው ሲስፓንና በፊንላንዱ አከር አርክቲክ የተዘጋጀ ነው፤ ንድፉ ሙሉ ቢሆንም እስካሁን በእሱ የተሠራ መርከብ ባሕር ላይ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው መርከብ በረዶ ላይ እስኪፈተን ድረስ አንድም ለውጥ እንዳይነካው ማድረግ ያስፈልጋል። በዚያው ጊዜ ከሉዊዚያናና ከቴክሳስ የሚመጡ በያጆች፣ ፎርማኖችና ተቆጣጣሪዎች ራውማና ሄልሲንኪ ተልከው፣ ቆመው ለማየት ሳይሆን መሥመሩን ራሳቸው በየደው ለማለፍ ቢያንስ አንድ መርከብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መሥራት አለባቸው። ለዚህ የሚሆን የቪዛ፣ የቤትና የደመወዝ ወጪ በውሉ ውስጥ ዛሬ መጻፍ አለበት፤ ላሜራ መቆረጥ ከጀመረ በኋላ ለዚህ የሚመደብ በጀትም ሆነ የሚተርፍ ሰው አይገኝም። ኮንግረስም በየሦስት ወሩ ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ በአልትራሳውንድ ምርመራ ከመቶ ሜትር ብየዳ ምን ያህሉ ተፍቆ እንደገና ተሠራ፣ ሁለተኛው መርከብስ ከመጀመሪያው ስንት የሥራ ሰዓት ቀነሰ የሚለውን።