«አላስቀምጥ አለኝ» ላለ ሰው መድኃኒት አይጨመርም

ለድባቴ ፍሉኦክሲቲን የተጻፈለት ሰው በአሥረኛው ቀን ተመልሶ «ሰውነቴ አላስቀምጥ አለኝ» ይላል። ካርዱ ላይ «ጭንቀቱ ብሷል» ተብሎ ይሰፍርና 20 ሚሊግራሙ 40 ይሆናል። መንስኤው መድኃኒቱ ራሱ ከሆነ ግን የተጨመረለት ሕመም ነው።

ይህ መድኃኒት የሚያመጣው አላስቀምጥ ባይነት አካቲዥያ ይባላል። የተጨነቀ ሰው የሚፈራውን ነገር ይናገራል፤ ይህኛው የሚናገረው ስለ እግሩ ነው። ተቀምጦ ይቁነጠነጣል፣ ቆሞ እግሩን ያፈራርቃል፣ ሲንጎራደድ ጥቂት ይቀለዋል። ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሁለት ደቂቃ አስቀምጦ፣ ሁለት ደቂቃ አቁሞ፣ እያወሩት እግሩን ማየት ነው። ወረፋ በበዛበት ክፍል አራት ደቂቃ ብዙ ነው ይባል ይሆናል፤ በስህተት የተጻፈ 40 ሚሊግራም የሚያመጣው ምልልስ ግን ከዚያ ይበልጣል።

ፍሉኦክሲቲን ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል ሲጨምር፣ እንቅስቃሴን በሚያስተካክለው የአንጎል ክፍል ዶፓሚን የተባለው ሌላ ኬሚካል እንደሚቀንስ ይታመናል። ዶፓሚንን የሚያግዱት የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱ ሃሎፔሪዶል ወይም የማስመለስ ማስታገሻው ሜቶክሎፕራማይድ ሲታከሉበት ነገሩ ይከፋል። ፍሉኦክሲቲን ሃሎፔሪዶልን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም ስለሚያፍን፣ የሃሎፔሪዶሉ ትእዛዝ ሳይቀየር በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ይላል። ስለዚህ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አንገቱ ሲጠመዘዝ ወይም መንጋጋው ሲቆለፍ አብሮ የሚወሰደውን ሁሉ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መፍትሔው መጠን መቀነስ ወይም መድኃኒት መቀየር ነው። የ20 ሚሊግራም ካፕሱል አይከፈልም፤ ፍሉኦክሲቲን ግን ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ሐኪሙ አንድ ቀን እያዘለለ ሊያዝ ይችላል። ቢቆም እንኳ ሳምንታት ስለሚቆይ እፎይታው በማግስቱ አይጠበቅም። እስከዚያ ፕሮፕራኖሎል 10 ሚሊግራም በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይረዳል፤ አስም ላለበት ግን አይሰጥም። ለማዘዝ እጅ የለመደው አርቴን የተባለው መድኃኒት ለተጠመዘዘ አንገት እንጂ ለዚህ ቁንጥንጥ እምብዛም አይሠራም። በተለይ የሕመም ማስታገሻው ትራማዶል ከተጨመረ በኋላ ትኩሳት፣ ላብና የጡንቻ መርገብገብ ከመጣ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች በልጆችና በታዳጊዎች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያመጡ እንደሚችሉ አስጠንቅቆ፣ በ2007 እስከ 24 ዓመት ያሉትን ጨምሯል። ሊጠበቁ ከሚገባቸው ምልክቶች መካከል አካቲዥያ በስሙ ተጠቅሷል። እንዲህ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ከወር በኋላ ማድረግ ስህተት ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሁን፣ ካልተቻለ ስልክ ይደወል። ጥያቄው አጭር ነው፦ «ገበታ ላይ ተቀምጠው ምግብ ይጨርሳሉ?» ለቤተሰብም መድኃኒቱ በታዘዘበት ዕለት ይነገር፤ አለበለዚያ «መድኃኒቱ አሳበደው» ብለው በራሳቸው ያስቆሙታል፣ ድባቴውም ሳይታከም ይቀራል።