«መጠባበቂያ ኢሜይል ያስገቡ» ሲላችሁ ቆም በሉ

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጓደኛዬ ፕሮቶን ላይ ኢሜይል ስትከፍት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር። ጂሜይል በቅቶኛል፣ መልእክቴን ከእኔ ሌላ ማንም እንዳያየው እፈልጋለሁ ብላ ነው። ትክክለኛ ስሟንም ስልኳንም ሳትሰጥ ወደ መጨረሻው ደረሰች። ከዚያ «መጠባበቂያ ኢሜይል ያስገቡ» የሚል ቦታ መጣ፤ ፓስዎርድ ከጠፋ መልሶ ለመግባት የሚያገለግል ሌላ ኢሜይል ማለት ነው። የድሮ ጂሜይሏን መጻፍ ጀመረች። እጇን ያዝኳት።

ፕሮቶን በ2014 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ አጠገብ ባለው የሰርን የምርምር ማዕከል በተዋወቁ ሳይንቲስቶች የተጀመረ የስዊዘርላንድ ድርጅት ነው። የተቀመጠላችሁ መልእክት ስለሚመሰጠር ድርጅቱ ራሱ ሊያነበው አይችልም። መጠባበቂያ ኢሜይላችሁን ግን ያውቀዋል። በስዊዘርላንድ ሕግ በኩል ጥያቄ ከመጣበት ደግሞ ይሰጣል።

በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የስፔን ጉዳይ ይህንኑ ነው ያሳየው። የስፔን ፖሊስ ከካታሎንያ የነጻነት ንቅናቄ ጋር በተያያዘ በቅጽል ስም የሚንቀሳቀስ አንድ ሰው ይፈልግ ነበር። ፕሮቶን የሰጠው የሰውየውን መጠባበቂያ ኢሜይል ነው። የአፕል አገልግሎት የሆነው የአይክላውድ አድራሻ ነበር። ፖሊስ አድራሻውን ይዞ ወደ አፕል ሄደ፤ ስምና የቤት አድራሻ አገኘ። ምስጠራውን መስበር አላስፈለገም። ሰውየው በገዛ እጁ የጻፋት አንዲት መስመር በቃች።

የጓደኛዬ ስጋት ፖሊስ አይደለም። የእሷ ነገር ወደ እኛ ሰፈር ይቀርባል። ያንን ጂሜይል የከፈተላት ዲቪ ስትሞላ የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ነው። ፓስዎርዱንም የመረጠው እሱ ነው፣ ደብተሩ ላይም ጽፎታል። ስንቶቻችን ነን እንዲህ የጀመርነው? ልጁ ክፉ አልነበረም፣ ሥራውን ነው የሠራው። ግን በዚያው ኢሜይል ላይ በኋላ ፌስቡኩ መጣ፣ የሥራ ማመልከቻው መጣ፣ የፓስፖርት ፎቶው ተላከበት። እዚያ ኢሜይል ውስጥ መግባት የቻለ ሰው «ፓስዎርድ ረሳሁ» ብሎ ሌላውንም ሁሉ ሊከፍት ይችላል። አዲሱን ኢሜይል ከዚህ ጋር ማሰር አዲስ የብረት በር ገጥሞ ቁልፉን የድሮው ቤት ደጃፍ ላይ መተው ነው።

«ፓስዎርድ ብረሳስ?» አለችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ፕሮቶን ላይ በመጠባበቂያ ኢሜይል ብቻ ፓስዎርድ ብትቀይሩ አካውንቱ ይከፈትላችኋል፣ የድሮ መልእክቶቻችሁ ግን እንደተቆለፉ ይቀራሉ። እነሱንም የሚመልሰው 12 ቃላት ያሉት የመልሶ ማግኛ ሐረግ ነው። ወረቀት ላይ ተጽፎ ይቀመጣል።

ነባር ኢሜይል መጠቀም ሁልጊዜ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። የካፌ ዋይፋይ ላይ እንዳትታዩ ብቻ ቪፒኤን (የኢንተርኔት ግንኙነታችሁን የሚሸፍን አገልግሎት) ከፈለጋችሁ የተለመደው ኢሜይላችሁ ብዙም አይጎዳችሁም። ለሌላው ሁሉ ሲምፕልሎጊንና ፋየርፎክስ ሪሌይ የሚባሉ አገልግሎቶች የሚሰጡት ተለዋጭ አድራሻ አለ፤ መልእክቱ ይደርሳችኋል፣ ተቀባዩ ድረ ገጽ ግን ትክክለኛውን አድራሻችሁን አያይም።

የሚያናድደኝ የድርጅቶቹ ዝምታ ነው። ገመናችሁን እንጠብቃለን ብሎ የሚሸጥ ሁሉ ያንን ቦታ ሲያቀርብ «ይህን ከሞላችሁ ማንነታችሁ ሊታወቅ ይችላል» ብሎ እዚያው በግልጽ መጻፍ አለበት። ከነጭራሹ አለመጠየቅም ይቻላል። የስዊድኑ ሙልቫድ ቪፒኤን ኢሜይል አይጠይቅም፤ 16 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣችኋል፣ አለቀ። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ፖሊስ ጎተንበርግ ያለውን ቢሮውን ሊፈትሽ መጣ። የሚፈልገው የደንበኞች መረጃ እዚያ ስላልነበረ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ጓደኛዬ መጻፍ የጀመረችውን የጂሜይል አድራሻ ከቦታው ላይ አጠፋችው። 12ቱን ቃላት በእጇ ጽፋ ከልደት ካርዷ ጋር አስቀመጠች። የዲቪውን ኢሜይል ፓስዎርድ ደግሞ እዚያው ቁጭ ብለን ቀየርነው።